የመጀመሪያው አጭር ፊልምና የተራኪው ድምፅ

ወጣት ሰው የመጀመሪያ ፊልሙን ሠርቶ ለጓደኞቹ ካሳየ በኋላ ጉድለቱን ሲነግሩት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት፤ ገንዘብ አልነበረኝም፤ መሣሪያው ደካማ ነበረ፤ ጊዜም አጠረኝ የሚል ነው። ይህ ምክንያት ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፤ የመጀመሪያውን አጭር ፊልም ከመሣሪያ ማነስ ይልቅ የንግግር መብዛት እንደሚጐዳው ነው። ንግግር ስንልም በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩትን ማለታችን አይደለም። ፊቱ ሳይታይ፤ ስሙ ሳይታወቅ፤ ከሥዕሉ በላይ ሆኖ ትርጉሙን የሚነግረንን የተራኪውን ድምፅ ማለታችን ነው።

ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰን የራሳችን ስሕተት ነው። ባለፈው ዓመት ከሁለት ጓደኞቻችን ጋራ ሆነን በስልክ ካሜራ የ8 ደቂቃ ፊልም ሠርተን ነበር። ፊልሙ ታይቶ ከተጨበጨበለት በኋላ አንድ ሽማግሌ ላቀረቡልን አጭር ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ መልስ አላገኘንም። ስለዚህ አስቀድመን ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች በመጀመሪያ ፊልሞቻቸው ይህን ችግር እንዴት እንደ ተወጡት እንመረምራለን፤ በመጨረሻም ወደ ራሳችን ሥራ እንመለሳለን። የሌላውን ሥራ እየመረመሩ የራስን መደበቅ ተገቢ መስሎ አልታየንም። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሀ. የተራኪው ምንጭና የምንለካበት መለኪያ

ተራኪው በአጭር ፊልም ውስጥ ይህን ያህል ቦታ ያገኘበት አንደኛው ምክንያት የመሣሪያ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመቶች ተማሪዎችና ጀማሪዎች ይጠቀሙበት የነበረው 16 ሚሊ ሜትር ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ አይቀዳም ነበር። በእጅ እየተጠመዘዘ የሚሠራው ቦሌክስ የሚባለው ካሜራ አንድ ጊዜ ከተጠመዘዘ ከግማሽ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ብቻ ይሠራል። የ100 ጫማ ርዝመት ያለው የፊልም ጥቅልም በሴኮንድ 24 ሥዕል ሲነሣበት 2 ደቂቃ ከ46 ሴኮንድ ያህል ቈይቶ ያልቃል። ሥዕሉንና ድምፁን እኩል የሚያስኬደው መሣሪያ ደግሞ ውድና ከባድ ነበረ። ስለዚህ አቅም የሌለው ፊልም ሠሪ ሥዕሉን ለብቻው ያነሣል፤ ድምፁን በኋላ ይጨምርበታል። በኋላ ለመጨመር ከሁሉ የሚቀለው ድምፅ ደግሞ የተራኪ ድምፅ ነው፤ ከማንም ከንፈር ጋራ መግጠም የለበትምና።

ሁለተኛው ምክንያት የአስተዳደግ ነው። እኛ በተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት በየዓመቱ ለገና በዓል ተውኔት እናሳይ ነበር። ተውኔቱ ሲያልቅ አንድ ልጅ ከመጋረጃው ፊት ይቆምና «የዚህ ተውኔት ትምህርት የሚከተለው ነው» ብሎ ይጀምራል። ያ ልጅ የሚመረጠው ድምፁ ስለሚያምርና ሳይደናቀፍ ስለሚያነብ ነበር። ከእኛ መካከል አንዱ ሁለት ዓመት ያህል ይህን ሥራ ሠርቷል። ነገሩ በዚያ ዕድሜ ለነበርነው ልጆች ጥቅም አልነበረውም አንልም። ነገር ግን ልማዱ ከእኛ ጋራ አድጐ ካሜራ በያዝን ጊዜም አልተወንም።

እንግዲህ ተራኪ ሁሉ መጥፎ ነውን? እንዲህ ብለን ብንፈርድ ብዙ መልካም ሥራዎችን መጣል ይሆንብናል። መለኪያችንን የወሰድነው ሁላችንም በልጅነታችን ከምናውቀው ጨዋታ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይመልሳል። መልሱን ያጣ እንደ ሆነ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ተጠያቂው አስቦ፤ ሞክሮ፤ ተሸንፎ አገር ከሰጠ በኋላ ነው መልሱ የሚነገረው። ጠያቂው ጥያቄውን እንደ ተናገረ ወዲያው ራሱ ቢፈታው፤ መልሱ ትክክል ቢሆንም እንኳ ጨዋታው ቀርቷል። በፊልምም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ ፊልም የምንጠይቀው፤ ድምፁ ሥዕሉ ከሚያሳየው የበለጠ ያውቃል ወይስ ያነሰ? የሚል ነው። ድምፁ ሁሉን ዐዋቂ ከሆነ ተመልካቹ የሚሠራው ሥራ አይኖረውም። ድምፁ ግን እንደ ማናቸውም ሰው የሚያየውና የማያየው ነገር ካለው፤ የጐደለውን የሚሞላው ተመልካቹ ይሆናል።

ለ. ድምፁን ለመያዝ የተሠራ ፊልም

በመጀመሪያ የምንመለከተው በ1955 በፓሪስ የተሠራውን «አፍሪክ ሱር ሴን» የተባለውን የ21 ደቂቃ ፊልም ነው፤ ትርጉሙ በሴን ወንዝ ዳር የምትገኝ አፍሪካ እንደ ማለት ነው። የሠሩት እንደ እኛው ያሉ ወጣቶች ስለ ነበሩ ለዚህ ጥናት ከሁሉ የቀረበ ነው። ከመካከላቸው ፓውሊን ሱማኑ ቪዬራ በ1925 በዳሆሜ፤ በዛሬይቱ ቤኒን፤ በፖርቶ ኖቮ ከተማ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ ተላከ፤ አድጐም ኢዴክ በሚባለው በፓሪስ የፊልም ትምህርት ቤት ተማረ። ከማማዱ ሳር፤ ከዣክ ሜሎ ካንና ከሮቤር ካሪስታን ጋራ ሆኖ አንድ የአፍሪካውያን የፊልም ቡድን አቋቋሙ።

እነዚህ ወጣቶች ፊልማቸውን በአፍሪካ ለማንሣት ፈልገው ነበር። ነገር ግን በ1934 የወጣውና በላቫል ስም የሚጠራው የቅኝ አገዛዝ ድንጋጌ በፈረንሳይ አፍሪካ ፊልም ለማንሣት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የመንግሥት ፈቃድ እንዲያገኝ ያስገድድ ነበር። ፈቃዱ አልተሰጣቸውም። ስለዚህ ካሜራቸውን በሚኖሩበት ከተማ በሚገኙት አፍሪካውያን ላይ መለሱ። ከነዚያ ዘመናት በፊት ከአውሮፓ እየመጡ አፍሪካን የሚያነሡ ብዙዎች ነበሩ፤ አሁን ግን አፍሪካውያን ፓሪስን ማንሣት ጀመሩ። ክልከላው ያላሰበውን ፊልም አስወለደ ማለት ይቻላል።

ፊልሙ ወንዝ ውስጥ በሚጫወቱ የአፍሪካ ሕፃናት ይጀምርና ወደ ፓሪስ ያልፋል። የላቲን ሰፈር ተማሪዎች፤ ካፌዎች፤ ጥቁርና ነጭ ወጣቶች አብረው ሲሄዱ ይታያሉ። በዚህ ሁሉ ላይ ተራኪው ስለ ልጅነት ናፍቆት፤ ስለ ተስፋና ስለ ወንድማማችነት ይናገራል። በመለኪያችን ብንለካው ይህ ድምፅ ሁሉን ዐዋቂ ነው። በጎዳና ላይ ብቻውን የሚሄደው ሰው ምን እንደሚያስብ እኛ ለመገመት ከመጀመራችን በፊት እርሱ ስለ ሁሉም በአንድነት ይናገራል። ከዚህ የተነሣ ሰዎቹ የየራሳቸው ታሪክ ያላቸው ሰዎች መሆናቸው ቀርቶ ለተራኪው ሐሳብ ምሳሌ ይሆናሉ። ፊልሙን ካየን በኋላ ዓረፍተ ነገሮቹን እናስታውሳለን፤ አንድን ፊት ለይተን ለማስታወስ ግን እንቸገራለን።

ቢሆንም ፍርዱን በዚህ ማቆም አይገባም። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ስለ አፍሪካ በተሠሩት ፊልሞች አፍሪካዊው የሚታይ እንጂ የሚናገር አልነበረም፤ ትርጉሙን የሚሰጠው ድምፅ የሌላ ሰው ነበረ። እንግዲህ እነቪዬራ ለራሳቸው የያዙት ያን የተነፈጉትን ቦታ ነው። ድምፁ የበዛው ብዙ ዘመን ታፍኖ ስለ ቈየ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። እኛ ግን ይህን ምክንያት ለራሳችን ልንጠቅሰው አንችልም። እኛን በቋንቋችን እንዳንናገር የከለከለን የለም። ቪዬራም ኋላ ወደ ሴኔጋል ሄዶ ሠርቷል፤ ቀጥለን የምንናገርለት ሰው ትልልቅ ፊልሞቹን ባዘጋጀ ጊዜም በምርት ኃላፊነት ረድቶታል።

ሐ. የጋሪ ነጂው ድምፅ

ይህም ሰው ኡስማን ሴምቤን ነው። በ1963 «ቦሮም ሳሬት» የተባለውን ፊልሙን ባወጣ ጊዜ 40 ዓመቱ ነበረ። በማርሴይ ወደብ በጭነት ሠራተኛነት ኖሯል፤ ልብ ወለድ መጻሕፍትም ደርሷል፤ የፊልምን ሥራ የተማረው ከዚህ ሁሉ በኋላ በሞስኮ ነው። ስለዚህ በዕድሜው ወጣት አልነበረም፤ በሥራው ግን ጀማሪ ነበረ። «ቦሮም ሳሬት» በወሎፍ ቋንቋ የጋሪ ጌታ ማለት ሲሆን ፊልሙ 20 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በዳካር ከተማ አንድ ጋሪ ነጂ ከጧት ጸሎቱ ጀምሮ ወደ ቤቱ እስኪመለስ ድረስ ያለውን አንድ ቀን ያሳያል።

የዚህም ፊልም ድምፅ በኋላ የተጨመረ ነው። ሴምቤን የነበረበት ችግር ከእነቪዬራ ችግር የተለየ አልነበረም፤ መፍትሔው ግን የተለየ ነው። ድምፁን ከላይ ላለ ተራኪ በመስጠት ፈንታ ለጋሪ ነጂው ለራሱ ሰጠው። የምንሰማው ጋሪ ነጂው በልቡ የሚያስበውን ነው። ጋሪ ነጂው ደግሞ ሁሉን ዐዋቂ አይደለም። የሚያውቀው የዛሬውን ገበያውን፤ ፈረሱን፤ የቤቱን ረኃብ ነው።

የዚህን ጥቅም ለማየት ሁለት ተከታታይ ነገሮችን እንመልከት። እግሩ የማይሠራ ለማኝ በመሬት ላይ እየዳኸ ቀርቦ ሲለምነው ጋሪ ነጂው መልስ እንኳ ሳይሰጠው ያልፋል፤ እንዲህ ያሉት ብዙዎች ናቸው ብሎ ያስባል። ጥቂት ቈይቶ አንድ በደንብ የለበሰ አዝማሪ መጥቶ የአያቶቹን ጀግንነት እየጠራ ሲያወድሰው ግን በቀኑ ድካም ያገኘውን ገንዘብ አውጥቶ ይሰጠዋል። የጋሪ ነጂው ድምፅ በዚህ ላይ ምንም ጥፋት አያይም፤ እንዲያውም ደስ ብሎታል። ጥፋቱን የምናየው እኛ ነን። ፊልሙም «ሞኝ ነው» አይለንም፤ «ድኻ ነውና እዘኑለት» አይለንም። ሁለቱን አስከትሎ አሳይቶን ዝም ይላል። እኛም እየፈረድንበት ሳለ ያያቶቻችን ስም ሲጠራ እኛስ ምን እናደርጋለን? ብለን ራሳችንን ለመጠየቅ እንገደዳለን።

ከዚያም የልጁን ሬሳ የያዘ አባት በጋሪው ተሳፍሮ ወደ መቃብር ቦታ ይሄዳል። በበሩ ላይ ወረቀቱ የተሟላ አይደለም ተብሎ ይከለከላል። ጋሪ ነጂው ሬሳውን በመሬት ላይ ተወለትና ሄደ። በመጨረሻም አንድ ዘመናዊ ልብስ የለበሰ ሰው ጋሪ ወደማይገባበት፤ ቀድሞ የአውሮፓውያን ሰፈር ወደ ነበረው ወደ ፕላቶ እንዲወስደው ያግባባዋል። ፖሊስ ያስቆመዋል። ወረቀቱን ሲያወጣ በወታደርነት ያገኘው ኒሻን ከመሬት ይወድቃል፤ ፖሊሱም ይረግጠዋል። ጋሪው ይወሰዳል፤ ተሳፋሪው ሳይከፍል ይሄዳል። ጋሪ ነጂው ፈረሱን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ ሕፃኑን ታሳቅፈውና ዛሬ ማታ እንበላለን ብላ ትወጣለች። ወዴት ትሄዳለች? እርሱም አያውቅም፤ እኛም አናውቅም። ፊልሙ በዚህ ያልቃል። ሁሉን የሚያውቅ ተራኪ ቢኖር ኖሮ ይህን መጨረሻ ባበላሸው ነበር።

በዚህ ፊልም ላይ አንድ እውነተኛ ነቀፌታ አለ። የዳካር ጋሪ ነጂ በልቡ የሚያስበው በፈረንሳይኛ አይደለም፤ ፊልሙ ግን በፈረንሳይኛ ያሳስበዋል። ድምፁን ለባለቤቱ ቢሰጥም ቋንቋውን አልሰጠውም። ሴምቤን ይህን ጉድለት ትቶ አልተወውም፤ በ1968 ባወጣው «ማንዳቢ» በተባለው ፊልም ሰዎቹ በወሎፍ ይናገራሉ። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ ስለምንፈልገው አንባቢ ልብ እንዲለው እንለምናለን።

መ. ኃይሌ ገሪማ፤ ከመጽሐፍ ወደ ሰው

ሦስተኛው ምሳሌያችን የአገራችን ሰው ነው። ኃይሌ ገሪማ በ1946 በጐንደር ተወለደ፤ በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዶ በቺካጎ ተውኔት ተማረ፤ ከዚያም በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ገባ። በዚያ ትምህርት ቤት ፕሮጄክት ዋን የሚባል ልማድ ነበረ። ይኸውም አዲስ የገባ ተማሪ ገና ትምህርቱን በደንብ ሳይማር አንድ አጭር ፊልም ራሱ ደርሶ፤ ራሱ አዘጋጅቶ፤ ራሱ ቆራርጦና ቀጥሎ እንዲያቀርብ ነው። ሳይማሩ ሥሩ ማለት በእኛ ትምህርት ቤቶች ዘንድ እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ጥቅሙ ግን ተማሪው ልማድ ሳይዘው ሐሳቡ ምን እንደ ሆነ መታየቱ ነው።

የኃይሌ የመጀመሪያ ፊልም በ1971 የተሠራው «አወር ግላስ»፤ ማለት የአሸዋ ሰዓት፤ ነው። አንድ ጥቁር ወጣት በነጮች ተመልካቾች ፊት የቅርጫት ኳስ ይጫወታል። የፍራንዝ ፋኖንን መጻሕፍት ሲያነብ፤ ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ፤ ስለ ማልኮም ኤክስና ስለ አንጄላ ዴቪስ ሲያስብ፤ በዚያ ሜዳ ላይ የሚሠራው ሥራ ለማን ጥቅም እንደ ሆነ መጠየቅ ይጀምራል። የዚህ ፊልም ጥሩ ሐሳብ ተጫዋቹንና ተመልካቹን ማገናኘቱ ነው፤ አንዱ ላቡን ያፈሳል፤ ሌላው ተቀምጦ ይደሰታል። ይህን ለማስረዳት ተራኪ አያስፈልግም።

ነገር ግን የወጣቱን ልብ መለወጥ ለማሳየት ፊልሙ ወደ መጻሕፍትና ወደ ታላላቅ ሰዎች ስም ይሄዳል። እዚህ ላይ እኛ የምናየው ሌላ ዐይነት ተራኪ ነው። ድምፅ ባይሆንም መጽሐፍ ሆኖ ትርጉሙን ከውጭ ያመጣል። ፋኖንን ያነበበ ተመልካች ወዲያው ይገባዋል፤ ያላነበበው ግን አንድ ወጣት መጽሐፍ ሲያነብ ብቻ ያያል። ሰው ሲያነብ ማሳየት ሲያስብ ማሳየት አይደለም። ይህን የምንለው በ25 ዓመት ዕድሜው ይህን የመሰለ ጥያቄ ያነሣውን ሰው ለማሳነስ አይደለም፤ እኛ በዚያው ወጥመድ እንደ ገባን ስለምናውቅ ነው እንጂ።

ከዚያ በኋላ የሄደበት መንገድ ትምህርት ይሰጣል። በ1972 የሠራው «ቻይልድ ኦፍ ሪዚስታንስ» የተባለው የ36 ደቂቃ ፊልም የተፀነሰው አንጄላ ዴቪስ እጇ ታስሮ በቴሌቪዥን ካያት በኋላ ነው። በዚህኛው ሐሳቡ ከመጽሐፍ አይመጣም፤ በእስር ቤት ካለች ሴት አእምሮ ይወጣል። በ1976 በታየው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በተባለው ትልቅ ፊልሙ ደግሞ ብዙውን ትችት የሚናገረው ከበበ የሚባለው፤ ሰው እንደ እብድ የሚቈጥረው ሰው ነው። ከበበ አብዝቶ ይናገራል፤ ይጮኻል፤ አንዳንዴም ይሰብካል። ግን ከሥዕሉ በላይ ሆኖ አይደለም። መሬቱን ያጣ ሰው ሆኖ በዚያው አቧራ ላይ ቆሞ ነው። የሚናገረው ሁሉ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ባላባቱም በዛፉ ጥላ ሥር በወንበሩ ተቀምጦ ሲጮኽ፤ ገበሬዎቹም ሲሠሩ በረዥሙ ይታያሉ። ስለዚህ በ5 ዓመት ውስጥ ሐሳቡ ከመጽሐፍ ወደ እስረኛ፤ ከእስረኛ ወደ ከበበ ሲሸጋገር እናያለን። ንግግሩ አልቀነሰም፤ ባለቤት አገኘ እንጂ።

ሠ. የእኛ ፊልም

አሁን ወደ ራሳችን እንመለሳለን። ፊልማችን በአንድ ፍርድ ቤት አጥር አጠገብ ጃንጥላ ዘርግተው፤ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ የጽሕፈት መኪና አስቀምጠው ማመልከቻ ስለሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ነው። በዙሪያቸው ያሉት ጸሐፊዎች አብዛኞቹ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወሩ እሳቸው በመኪናቸው ጸንተው ቀርተዋል። ሦስት ቀን ከአጠገባቸው ዋልን። እኛ «አባባ» እንላቸዋለን፤ እሳቸውም ደንበኛ በሌለ ጊዜ ሻይ ያዙልናል።

በሁለተኛው ቀን አንዲት እናት መጡ። ፈቃዳቸውን ጠይቀን ሥዕሉን አነሣን። ሴትዮዋ ጉዳያቸውን ሲናገሩ ከልጃቸው ሞት ይጀምሩና ወደ ቤቱ ካርታ፤ ከካርታው ወደ ምራታቸው፤ ከምራታቸው ደግሞ ወደ ልጃቸው ይመለሳሉ። ጸሐፊው ገና ሲጀምሩ «አመልካች»፤ «ተጠሪ»፤ «ጉዳዩ» የሚሉትን ቃላት መምታት ጀምረው ነበር። ሴትዮዋ ስለ ልጃቸው አንድ ነገር ሲናገሩ ግን የጸሐፊው እጆች ከመኪናው ላይ ተነሥተው በአየር ላይ ቀሩ። ጥቂት ጊዜ እንዲሁ ቈዩ። ከዚያ ወደ መምታታቸው ተመለሱ።

የተናገሩት ግን አልተሰማም። የታክሲ ረዳቶች ጩኸትና የመኪና ጥሩንባ ድምፃቸውን ሸፍኖታል። ከእኛ ቡድን ይህን ሲያዳምጥ «አይጠቅምም» ያለው አንዱ ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም ነን። የስልኩ ማስቀመጫ ሞልቶ ስለ ነበረ ድምፁ የተበላሸውን ሁሉ ደመሰስን። የቀረውንም በተራኪ ሸፈንነው። ተራኪው ስለ ፍትሕ ክቡርነት፤ ስለ ትምህርት ጥቅም፤ የአሮጌው ዘመን መሣሪያ ለአዲሱ ስለ መልቀቁ ይናገራል። ድርሰቱን ሦስት ጊዜ አርመነዋል፤ ቃላቱም ያማሩ ነበሩ። አንባቢውም ያ በገና ተውኔት ከመጋረጃው ፊት ይቆም የነበረው ልጅ ነው።

ፊልሙን ባሳየን ጊዜ አባባን ጠርተናቸው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ካለቀ በኋላ መረቁን፤ እጃችንንም ጨበጡ። ቀጥለው «ጥሩ ነው ልጆቼ፤ ግን ያቺ ሴትዮ የት ሄደች?» አሉን።

ያን ጊዜ ድምፁ ስለ ተበላሸ ነው ብለን መለስንላቸው። መልሱ እውነት ነው፤ ግን በቂ አይደለም። እነዚያ በአየር ላይ የቀሩ እጆች ድምፅ አያስፈልጋቸውም ነበር። ብዙ ሺህ ማመልከቻ የጻፉ ሰው በአንዲት እናት ቃል ሥራቸውን ማቆማቸው በራሱ ይታያል። ምን ብለዋቸው ይሆን? የሚለውን ተመልካቹ ራሱ ይጠይቅ ነበር። እኛ ግን የሚሰማ ነገር የሌለበት ሥዕል ባዶ መሰለን። በእንቆቅልሽ አነጋገር፤ መልሱን ለማስቀመጥ ብለን ጥያቄውን ጣልነው።

ሌላም የከፋ ነገር አለ፤ ይህንም ያየነው «ቦሮም ሳሬት»ን ደጋግመን ከተመለከትን በኋላ ነው። ጋሪ ነጂው በፈረንሳይኛ ያስባል ብለን ነቅፈናል። እኛስ ለአባባ የሰጠናቸው ቋንቋ የማን ነበረ? በ8 ደቂቃ ውስጥ የእሳቸው ድምፅ አንድ ጊዜ እንኳ አይሰማም። የሚሰማው በክፍል ውስጥ ለማርክ የምንጽፈው አማርኛ ነው። ማመልከቻ ጸሐፊው የሴትዮዋን ሐዘን ተቀብለው ወደ «አመልካች» ይለውጡታል፤ ፍርድ ቤቱ የሚቀበለው እንዲህ ያለውን ቃል ስለ ሆነ ይህን ያደርጋሉ፤ ለሥራቸውም የግድ ነው። እኛ ግን ማንም ሳያስገድደን እሳቸውን ወስደን «አሮጌው ዘመን» አደረግናቸው። የነቀፍነውን ሥራ በእሳቸው ላይ ሠራንባቸው ማለት ነው።

ረ. መደምደሚያ

ከዚህ ምርመራ የምናገኘው፤ ተራኪ ይከልከል የሚል ሕግ አይደለም። እነቪዬራ ድምፁን የያዙበት በቂ ምክንያት ነበራቸው። ሴምቤን ከዚያው የመሣሪያ ችግር ተነሥቶ ድምፁን ለጋሪ ነጂው ሰጠው፤ ኃይሌ ገሪማም በሦስት ፊልሞች ሐሳቡን የሚሸከም ሰው እየፈለገ ሄደ። እንግዲህ ጀማሪ ሊጠይቅ የሚገባው፤ ይህ ድምፅ የማን ነው? ከሥዕሉስ የበለጠ ምን ያውቃል? ብሎ ነው። መልሱ «የእኔ ነው፤ ሁሉንም ያውቃል» ከሆነ ድርሰቱን እንደ ገና ቢመለከተው ይሻለዋል።

ለሚቀጥሉት ጓደኞቻችን ከስሕተታችን የተገኙ ሦስት ምክሮች እንተዋለን። አንደኛ፤ ፊልሙን ከማስተረክ በፊት ያለ ድምፅ ለማያውቀው ሰው አሳዩት፤ ሳይነገረው የገባውን ሁሉ ከድርሰቱ ሰርዙት። ሁለተኛ፤ የጎዳና ድምፅ ከተበላሸ ባለታሪኩን ጸጥ ወዳለ ክፍል ጠርታችሁ፤ ስልኩን ወደ አፉ አቅርባችሁ፤ በራሱ ቋንቋ እንዲናገር ለምኑት፤ ሴምቤን ድምፁን በኋላ ከጨመረ እናንተም ትችላላችሁ። ሦስተኛ፤ ፊልሙ አልቆ እስኪታይ ድረስ ያነሣችሁትን አንዳች አትደምስሱ። በቀድሞ ዘመን ተማሪው በ100 ጫማ ጥቅል ላይ ያነሣው ሥዕል በእጁ የሚዳሰስ ነገር ስለ ነበረ በቀላሉ አይጥለውም ነበር። እኛ ብዙ ለማንሣት ስለምንችል ለመጣልም ፈጠንን።

እኛም ፊልሙን እንደ ገና ልንሠራው ወስነናል። አባባን ጠይቀናቸው ታሪካቸውን ራሳቸው ሊናገሩ ተስማምተዋል። ስለ ሴትዮዋም ጠይቀናቸው ነበር፤ ስማቸውን ሊነግሩን አልፈቀዱም፤ ማመልከቻ የሰው ምሥጢር ነው አሉን። በኅዳር ወር ቀጠሮ ያላቸው ሰዎች ብዙ ስለ ሆኑ ግን እርሳቸውም ይመጡ ይሆናል ብለውናል። በኅዳር ከጠረጴዛው አጠገብ እንቀመጣለን፤ ካሜራውን የምናወጣው ግን ሴትዮዋን አግኝተን፤ ያነሣነውን እንደ ደመሰስነው ከነገርናቸውና እንደ ገና ከፈቀዱልን ብቻ ነው።